የጋሽ ዳና እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ምሕረት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቀቀልኩት ጎደሬ ገና ትኩስ ነበር። ሶዶ ላይ የጤና ትምህርት መማር ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የዕለቱን ትምህርት እየበላች መተረክ ትወዳለች፤ እኔም ግማሹ ባይገባኝም መስማት እወዳለሁ። የዚያን ቀን የተማሩት ስለ ባይፖላር ነበር። ስሜታቸው አንድ ሰሞን ከልክ በላይ ከፍ፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ከልክ በላይ ዝቅ ስለሚልባቸው ሰዎች ነገረችኝና፣ የእጅ ጽሑፋቸው ሳይቀር እንደሚለዋወጥ፣ ሲነሣባቸው ፊደሉ እንደሚገዝፍ፣ ሲጥላቸው ደግሞ እንደሚያንስ መምህራቸው እንዳወራላቸው ጨመረችልኝ።

ጎደሬዬን የበርበሬ ዳጣው ላይ አስነካሁና «አውቃለሁ» አልኳት። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ መዝገብ ቤት እንጂ ሆስፒታል ሠርታ እንደማታውቅ ታውቃለችና ከየት እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ። ሳህኑ ተነሥቶ፣ ዝናቡ መጥቶ ሄዶ፣ ሻይ ሁለት ጊዜ እስኪቀዳ ድረስ ነገርኳት። ለማንም ሙሉውን ነግሬ አላውቅም ነበር። አንዴ ከተናገርኩት ግን መጻፉም አይከብድም ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የከተማዋን ደግሞ ጨርሶ ትቼዋለሁ፤ ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ዛሬም እዚያው ይኖራሉ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። በዲፕሎማ ተመርቄ አንድ ዓመት ያህል እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከሶዶ ወደ ምዕራብ በቤሌ መንገድ አልፎ በሚገኝ አነስተኛ ከተማ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ዳጣ በጠርሙስ ሞልታ፣ ጸሎት አድርጋ ሸኘችኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ ስለነበር መንገዱ ገና አልደረቀም። መኪናው ጭቃ በያዘው ቁጥር ወንዶቹ ወርደው ይገፋሉ፤ እኛ ሴቶቹ ጠርሙሶቻችንን አቅፈን እንቀመጣለን። የዳሞታ ተራራ ከኋላችን እያነሰ እያነሰ ሄዶ ደመና ውስጥ ሲገባ ያለቀስኩት እንዳይታይብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ቢሮው ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ከኋላው ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበር። ፍሬው በበሰለ ሰሞን ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ድው ይልና ሁላችንም እንደነግጣለን፤ ከዚያ አንዳችን ወጥተን እናነሣዋለን። በኃላፊው ክፍል በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ኮምፒዩተር ነበር፤ መብራት በመጣ ቀን ይገለጣል። የገበሬው ሁሉ መሬት፣ ስፋቱና በአራት ማዕዘን ያሉት አዋሳኞቹ የሚጻፉት ግን በትልቁ መዝገብ ላይ በእጅ ነበር። የሚጽፉት ጋሽ ዳና ናቸው።

ጋሽ ዳና አምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሙቀት ሆነ ብርድ ግራጫ ሹራባቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸው በከተማው የታወቀ ነው። የሠርግ መጥሪያ፣ የትምህርት ቤት የምስክር ወረቀት፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሁሉ በእሳቸው እጅ ይጻፋል። «ቀ»ን ሲጽፉ ክቡ እንደ ቀለበት ይገጥማል፤ የ«ለ» እግሮች ተለክተው የተተከሉ ይመስላሉ። የእኔን ጽሑፍ ባዩ ጊዜ አንድ ደብተር አምጥተው በየገጹ አናት ላይ አንድ አንድ መስመር ጻፉና ከሥሩ እየደገምኩ እንድሞላ አዘዙኝ። ምሳ ሰዓት ላይ እሳቸው ከቤት ያመጡትን የተቀቀለ ቦዬ፣ እኔ ቆጮዬን አቅርቤ እየበላን ያርሙኛል። አትጣደፊ ይሉኛል፤ ገበሬው ይህን መዝገብ አያነበውም፣ ስለዚህ አምኖን ነው የሚሄደው ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በየካቲት የእኔን ጽሑፍ ከእሳቸው የሚለይ ሰው ጠፋ። እኔም በጣም ኮራሁ። ሰው በሃያ አንድ ዓመቱ የሌላ ሰው ግልባጭ በመሆን እንደሚኮራ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

መጋቢት ላይ ጋሽ ዳና ተለወጡ። መጀመሪያ ደስታ ነበር የመሰለኝ። ዝግተኛው ሰውዬ ጥበቃው በሩን ሳይከፍት ደርሰው መጠበቅ ጀመሩ። ንግግራቸው ፈጠነ፤ በአማርኛ የጀመሩትን በወላይትኛ ይጨርሱታል፣ መሐል ላይ ይዘምራሉ። ጃንጥላቸውን መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሰጡ። የወረዳውን ጎሣ ሁሉ ታሪክ በአንድ ክረምት ጽፈው እንደሚጨርሱ ነገሩኝ። መሬት ከሚለካው ቡድን ጋር መዝገቡን ተሸክመው ገጠር ወረዱና፣ እዚያው ማሳው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጽፉ ጀመር። ገመድ ያዦቹ ደክሟቸው ሲቀመጡ እሳቸው ድንበሩን ብቻቸውን ዞረው እያንዳንዱን ጎረቤት በስሙ ይጠይቁ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

መዝገቡ ወደ ቢሮ ሲመለስ ገልጬ ደነገጥኩ። ፊደሉ አብጧል። አንዱ ቃል የሁለት መስመር ቦታ ይዟል፤ መስመሩ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። ብዕሩ በኃይል ከመጫኑ የተነሣ ገጹን ገልብጦ በጣት መዳሰስ ይቻላል። የ«ለ» እግሮች እንደሚሮጥ ሰው ተበላልጠዋል። የማያስፈልገው ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከጥቂት ቀን በፊት ያንኑ መዝገብ የጻፈው እጅ ይኼ መሆኑን ዓይኔ አይቶ ልቤ እምቢ አለ።

በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ዝምታ መጣ። ጋሽ ዳና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብዕሩን ይዘው አንድ ሰዓት ሳይጽፉ ይቆያሉ። ሲጽፉም ፊደሉ የጉንዳን ያህል ይሆንና መስመሩን ለቅቆ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገጹ መሐል ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ምሳቸውን ሳይከፍቱ ይዘውት ይመለሳሉ። በግንቦት አጋማሽ ጨርሰው ቀሩ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ወደ ቢሮ መጥተው ወባ ነው አሉ፤ በእኛ አገር ወባ ለምንም ነገር የሚበቃ ምክንያት ነው። ኃላፊው የሰኔ ወር ሪፖርት ደርሶ ነበርና ፊቱን አጨፈገገ። አንድ ሙሉ ቀበሌ ገና ከመስክ ወረቀት ወደ መዝገብ አልተገለበጠም። ጋሽ ዳና በቶሎ ካልመጡ ሌላ ሰው በቦታቸው እንደሚተካ ነገረኝ።

እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አሥራ አንድ ገጽ በጋሽ ዳና እጅ ጻፍኩ። በእሳቸው እጅ የምለው፣ ባማረው፣ ሰው በሚያውቀው እጃቸው ማለቴ ነው። ከየገጹ ሥር «የመዝጋቢው ፊርማ» በሚለው ቦታ ላይም አስመስዬ ፈረምኩ። ውጭ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ውስጥ ሞቆኝ እጽፋለሁ። ሌብነት አልመሰለኝም። የታመመ ሰው ማሳ ላይ ሳይጠየቅ ገብቶ እንደማረስ ያለ በጎ ሥራ ነበር የመሰለኝ። ኃላፊው መዝገቡን አይቶ ዳና ቤቱ ሆኖም ቢሆን ይሠራል ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። መዝገቡን ተቀብዬ ወደ ቦታው መለስኩ።

ጋሽ ዳና በመስከረም ተመለሱ። ከስተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ሲያነሡ በሁለት እጃቸው ነው። ስለ ወባው ማንም አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። መዝገቡን ገልጠው ስለ ማየታቸውም አላውቅም ነበር።

ጉዳዩ የተነሣው በጥቅምት ነው። ወይዘሮ አመነች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ፤ ሦስት ልጆች፣ የእንሰት ጓሮ፣ ጥቂት ቡናና በቆሎ የሚዘሩበት ቁልቁል ማሳ አላቸው። መሬቱ በስማቸው ተመዝግቦ ነበር። የባላቸው ታላቅ ወንድም አቶ ፋንታ ደግሞ መሬቱ የአባታቸው ስለሆነ ወደ እሳቸው ይመለስ ብለው አመለከቱ። አቶ ፋንታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፊደል የቆጠሩ፣ ነገር የሚያጣሩ ሰው ናቸው። መዝገቡን ልይ ብለው ጠየቁና ገጽ ሠላሳ አንድን፣ የወይዘሮ አመነች መሬት የተጻፈበትን፣ አዩ። ያ ያበጠው፣ ሽቅብ የሚሮጠው የመጋቢት ጽሑፍ ነው። ይህ የዳና እጅ አይደለም፣ ሰው አስጽፋ ያስገባችው ነው አሉ።

የመሬት ክርክር የሚያየው ኮሚቴ በእኛ ቢሮ ተሰበሰበ። ኃላፊው በሰብሳቢነት፣ ሦስት ሽማግሌዎች በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አመነች በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጡ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። አቶ ፋንታ መዝገቡን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ገለጡና አሳዩ። ቀጥለው፣ የዳናን እጅ የማያውቅ ካለ ይኸውና ይመልከት ብለው ጥቂት ገጾች አለፉና ጣታቸውን ገጽ አርባ ስድስት ላይ አሳረፉ። ሰዎቹ አዩና አዎ፣ የዳና እጅ ማለት ይህ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገጽ አርባ ስድስት የእኔ ነበር።

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ኃላፊው ጋሽ ዳናን ገጽ ሠላሳ አንድ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቃቸው። የእኔ ነው አሉ። እንግዲያው እዚህ ይጻፉና እንይ ተባሉ። ወረቀት ተሰጣቸው። ያ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው እጅ የገዛ ስሙን ለመጻፍ ሲታገል አየሁ። ፊደሉ ትንንሽና የተንቀጠቀጠ ሆኖ ወጣ። ከሠላሳ አንድም፣ ከአርባ ስድስትም አይመሳሰልም። አቶ ፋንታ ወረቀቱን ከመዝገቡ አጠገብ አስቀመጡት። ወይዘሮ አመነች ዓይናቸውን ከጋሽ ዳና እጅ ላይ አላነሡም።

ጋሽ ዳና ብዕሩን አስቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ወባ አልነበረም። ሕመሜ የአእምሮ ነው፤ ሶዶ ሐኪም ያየኛል። ሲነሣብኝ እጄ ይሰፋል፣ ሲጥለኝ ያንሳል። ይህን ገጽ ስጽፍ ተነሥቶብኝ ነበር። ግን ማሳውን በእግሬ ዞሬዋለሁ።»

ቤተ ክርስቲያን በመዘምራን መሐል የሚቆም ሰው ይህን በአደባባይ ሲናገር በዚያ ከተማ ከዚያ በፊት የሰማ ያለ አይመስለኝም። ኃላፊው፣ ገጽ አርባ ስድስትስ አላቸው። ጋሽ ዳና መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ረጅም ጊዜ አዩት። ወደ እኔ ቀና አላሉም።

«እሱም የእኔ ነው» አሉ።

ያኔ ገባኝ፤ አውቀዋል። እኔም መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ቃለ ጉባኤው ላይ «እሱም የእኔ ነው አሉ» ብዬ በጥሩ ፊደል ጻፍኩ። ኮሚቴው የሕመሙ ማስረጃ እንዲቀርብ አዝዞ ለሳምንት ቀጠረ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ማርታ እንሰት ጓሮ ውስጥ ቅጠል ይቆርጡ ነበር። ሳሮ ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ተቀበሉኝና ወደ ቤት አስገቡኝ። አልጋው ሥር ካለ ሣጥን ደብተሮች አወጡ። ጋሽ ዳና የእሑድ ስብከት በሰሙ ቁጥር ማስታወሻ ይይዛሉ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ነው። እትዬ ማርታ አንዱን ገልጠው አሳዩኝ፤ ያማረ ጽሑፍ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እየሰፋ፣ እየጋለበ፣ ከዚያ ኩርምት ብሎ፣ ከዚያ ባዶ ገጾች፣ ከዚያ እንደገና ያማረው። «እኔ ፊታቸውን አላይም» አሉኝ፤ ፊት ያታልላል። ደብተሩን ነው የማየው፣ ፊደሉ መከፈት ሲጀምር ልብሳቸውን አጥቤ ለሶዶ መንገድ አዘጋጃለሁ አሉ። ያን ዓመት በመጋቢት ግን ደብተሩን ይዘውት ገጠር ስለ ወረዱ ሳያዩ አመለጣቸው። ይህን ሲነግሩኝ የራሳቸው ጥፋት ያህል አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ጋሽ ዳና ውጭ ግድግዳ ተደግፈው የማታ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለምን የእኔ ነው እንዳሉ ጠየቅኋቸው። አንቺ ገና ሥራ ጀማሪ ነሽ፣ እኔን ሰው አንዴ ካየኝ በኋላ አንድ ገጽ ቢጨመር ምን ይለውጣል አሉኝ። ከዚያ ፈገግ እንደ ማለት ብለው፣ የእኔ «ጸ» እንደዚያ አምሮ አያውቅም፣ በእሱ ነው የለየሁት አሉ። ማልቀስ ጀመርኩ። ልረዳዎት ብዬ ነው አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። የታመምኩት እንዳይታወቅ ብለሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ግን ታምሜ ነበር።»

በቁጣ አልተናገሩትም። ያ ነው የባሰብኝ። በመንገዱ ስመለስ ገበያተኛው ወደየቤቱ ይገባ ነበር፤ የሚያውቁኝ ሰላም ሲሉኝ እንኳ መልስ መስጠቴን አላስታውስም። እስከዚያ ቀን ድረስ የታገልኩት ለእሳቸው መስሎኝ ነበር። በእርግጥ ግን ያንን ያበጠውን ፊደል ማየት ያቃተኝ እኔ ነበርኩ። መምህሬ ያማረው እጅ ብቻ እንዲሆኑልኝ ፈልጌ፣ የቀረውን በወረቀት ሸፈንኩት።

በሁለተኛው ቀጠሮ እትዬ ማርታ ደብተሮቹን በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከሐኪም የተሰጠ ወረቀትም ነበረ። ሰዎቹ ደብተሮቹን እየተቀባበሉ አገላበጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ማንበብ የማይችሉት፣ ደብተሩን ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ በወላይትኛ ተናገሩ። እኔ ፊደል አላውቅም፣ የበሬ ዱካ ግን አውቃለሁ አሉ፤ በሬዬ ጠግቦ ሲሄድና ታሞ ሲሄድ ዱካው አንድ አይደለም፣ ቢሆንም የጎረቤት በሬ ነው ብዬ አላውቅም አሉ። ሰዎቹ ሳቁ፤ ጋሽ ዳናም አብረው ሳቁ።

አቶ ፋንታ አልሳቁም። የሕመሙን ነገር እቀበላለሁ አሉ፤ ነገር ግን ገጽ አርባ ስድስት የተጻፈው በሰኔ ነው፣ ቀኑ ከላዩ አለ። ዳና በሰኔ ቢሮ አልነበሩም፣ እጃቸውም በዚያ ወር እንዲህ ሊጽፍ እንደማይችል አሁን በደብተራቸው አሳያችሁን። ታዲያ በዚህ መዝገብ ውስጥ የሚጽፍ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ካለ ሠላሳ አንድን በምን አምናለሁ አሉ። እውነታቸውን ነበር። ኃላፊው ወደ ጋሽ ዳና ዞረ። ጋሽ ዳና አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁና፣ ድጋሚ እንዳይዋሹልኝ ፈርቼ ተነሣሁ።

«አርባ ስድስት የእኔ ነው» አልኩ። «ከአርባ አንድ እስከ አምሳ አንድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማውም የእኔ ነው። እሳቸው አያውቁም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አላስታውስም። የማስታውሰው ጣሪያው ላይ አቮካዶ ወድቆ ማንም አለመደንገጡን ነው።

ኮሚቴው ወረቀት ከወረቀት ማወዳደሩን ትቶ መሬቱን ሄዶ ለማየት ወሰነ። የወይዘሮ አመነች ማሳም፣ በእኔ አሥራ አንድ ገጾች የተጻፉትም በእግር ተዞረው እንዲጣሩ ተባለ። ሦስት ቀን ሄድን። ኅዳር ነበር፤ መንገዱ ደርቋል፣ በቆሎው ተሰብስቧል፣ አገዳው እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። በየቤቱ የሚቀርብልንን ቂጣና አይብ እየበላን ከማሳ ማሳ ዞርን። ጋሽ ዳና ከኋላችን ቀስ እያሉ ተከተሉ።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረም። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ጅረቱ፣ በሰሜን መንገዱ፣ በደቡብ ዋንዛው ይላል፤ ሁሉም ነበሩ። ለማየት እንኳ የሚያስቸግረው ያ ጽሑፍ፣ ሌሎች ገጾች የዘለሉትን ትንሽ የውኃ መውረጃ ሳይቀር ይዟል። አቶ ፋንታ ድንበሩን ብቻቸውን ዞሩት። ዋንዛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ይህን የተከለው ወንድሜ ነው፣ ልጅ ሆኖ፣ ውኃ ያመላለስኩለት እኔ ነኝ አሉ። ወይዘሮ አመነች ከቤት ወጥተው ውኃ አቀረቡላቸው። ጠጡና መለሱላቸው። ክሱን የተዉት በዚያው ቀን ነው፤ ታረቁ ለማለት ግን አልደፍርም። ልጆቹ አጎታቸውን ደጅ ወጥተው ሲያዩአቸው ነበር።

በእኔ ገጾች ላይ ደግሞ ስሕተት ተገኘ። በዚያ ባማረ ፊደል የአንድ ገበሬን የምሥራቅና የምዕራብ ጎረቤቶች አቀያይሬ ጽፌ ነበር። ማሳውን አይቼው አላውቅምና ከመስክ ወረቀቱ ስገለብጥ አምልጦኛል። ሰውዬው ሲነበብላቸው ስቀው፣ ፀሐይን በማታ በኩል አወጣችብኝ አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኃላፊው ሊያሳስረኝ ይችል ነበር። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ከመዝገብ ሥራ አንሥቶ ወደ ሶዶ እንድዛወር አደረገ። ከመሄዴ በፊት በአሥራ አንዱም ገጾች ሥር የጻፍኳቸው እኔ መሆኔን በራሴ ስም እንድፈርም ታዘዝኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ስሜን ጻፍኩ።

ስለ ጋሽ ዳና ከእኔ ይልቅ የተከራከሩት እትዬ ማርታ ናቸው። ኃላፊው መጀመሪያ ከቦታቸው ሊያነሣቸው አስቦ ነበር። እትዬ ማርታ ቢሮ ድረስ መጥተው፣ ጽሑፋቸው መለወጥ ሲጀምር እኔ እነግራችኋለሁ፣ ያን ጊዜ አሳርፏቸው፤ ሲሻላቸው ይመለሱ፣ ሥራቸውንም ሌላ ሰው ደግሞ ይየው አሉ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አንድም ስሕተት አልተገኘምና ኃላፊው ተስማማ። ጋሽ ዳና በዚያ ዓይነት ስምምነት ሌላ ስድስት ዓመት ሠርተው በሕግ ጡረታ ወጡ። ከተማው መጀመሪያ አንሾካሾከ፤ አንዳንዱ ልጁን የሚያሳልፈው በሌላ መንገድ ሆነ። ቀስ እያለ ግን ሰዉ ለመደ። የሠርግ መጥሪያ ሊያስጽፍ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እትዬ ማርታን፣ ጋሼ በዚህ ሰሞን እንዴት ናቸው ብሎ ይጠይቅ እንደነበር ሰምቻለሁ። ደህና አይደሉም ከተባለ በሌላ ሳምንት ይመለሳል።

ከዓመታት በኋላ ሶዶ ውስጥ ሆስፒታል ግቢ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ከእትዬ ማርታ ጋር መጥተው፣ አዲስ ካርድ ለማውጣት በመስኮቱ ሰልፍ ይዘዋል። ተሳሳምን። ተራቸው ደርሶ ቅጽ ሲሰጣቸው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ልሞላላቸው እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብለው አዩኝ። «ተይው፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉኝ። እጄን መለስኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። እያንዳንዱን ፊደል ቆም እያሉ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ጻፉ። ሰልፉ ረዘመ። ከኋላችን አንድ ጎልማሳ ምነው ሌላ ሰው ቢሞላላቸው ብሎ አጉረመረመ። ዞሬ፣ «እየጻፉ ናቸው» አልኩት። እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆምኩ።

ጋሽ ዳና ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔም ጠጉሬ ሸብቶ፣ በምሠራበት መዝገብ ቤት ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ሆኖ፣ የሰው ሁሉ ፊደል አንድ ዓይነት ከሆነ ቆየ። ሥራው ቀሏል፤ አላማርርም። ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ የባልደረባውን ጉድለት በደግነት ሸፍኖ ሲያመጣልኝ ከወረቀቱ ይልቅ ያ ባልደረባው ያሳስበኛል። ደህና ነው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ጠይቀኸዋል ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር፤ ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም የጋሽ ዳና ቤት ከቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው እንጂ አንድ ቀን ሄጄ እንዴት ነዎት አላልኳቸውም።